አያውቁትም፣ አልነካቸውም፣ ግን መቱት። ለምን?

ገላጣ_ሜዳ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን የሚዞረውን ዓይነት ቪዲዮ አይታችኋል ብዬ ልገምት። እዚህ አላያይዘውም፣ እኔም አሰራጭ ልሆንላቸው አልፈልግም። ነገሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው በራሱ ሐሳብ መንገዱን ይሄዳል፣ አራት አምስት ጎረምሶች ከፊት ለፊቱ ይመጣሉ፣ ሊተላለፉ ሲሉ አንደኛው ዞር ብሎ መንጋጋውን በቡጢ ይለዋል። ሰውዬው ይወድቃል። ሳቅ። ሩጫ። አለቀ። ኪሱን አልፈተሹም፣ ስልኩን አልቀሙም፣ ስድብ እንኳ አልተለዋወጡም።

እኔን የከነከነኝ አንድ ነገር ነው። ቪዲዮውን አዘግይቼ ሳየው ልጁ ሊመታ ሲል የሚያየው ሰውዬውን አይደለም። ካሜራውን ነው። ከመታ በኋላም መጀመሪያ የሚዞረው ወደ ካሜራው ነው። የጣለው ሰው ይተንፍስ አይተንፍስ ዘወር ብሎ አላየም።

ሌባ ይገባኛል። ቂመኛም ይገባኛል። ይሄ ግን አልገባ አለኝ። ከማያውቁት ሰው ምን ፈልገው ነው? ምንስ ይሻላል? «ዘመኑ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ አደራ።

ቁጡ_ነብር

እኔ ልንገርህ፣ ምንም የሚገባ ነገር የለውም። ባለጌ ባለጌ ነው። አስተዳደጉ፣ ሥነ ልቦናው፣ ምናምኑ እያልን ስናስታምማቸው ነው እዚህ የደረስነው። እንደ ትልቅ ሰው ከመታ እንደ ትልቅ ሰው ይታሰር። አንድ ሁለቱ አሥር አሥር ዓመት ቢከናነቡ ሌላው ልክ ይገባል።

አሽሟጣጭ

የመጀመሪያው ምላሽ «ይታሰር» እንደሚሆን አውቄ ነበር። ሁለተኛው «ወላጅ የት ሄደ» ነው። ቀጥሉ።

የማታ_ፈረቃ

ወላጅ የት ሄደ ሳይባል እኔ ልግባ። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። «አንድ ቡጢ እኮ ነው» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞተው በቡጢው ሳይሆን በመሬቱ ነው። ሰው ሲደናቀፍ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል፣ መዳፉ ይላጣል እንጂ ጭንቅላቱ ይተርፋል። ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው ግን እጁን አይዘረጋም። እንደ ቆመ ነው የሚወርደው። ምቱ ሲመጣ ካላየው ደግሞ አንገቱን እንኳ ለማጠንከር ጊዜ አላገኘም። ከዚያ የራስ ቅሉ ከአስፋልት ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ልጁ በቀልድ የጀመረው ነገር የት እንደሚያልቅ እሱ ራሱ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። የተመታው ሰው ተነስቶ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ሊል ይችላል። እውነትም ደህና ይመስላል፣ ያወራል፣ አንዳንዴ ይስቃል። ከራስ ቅሉ ሥር ደም እየተጠራቀመ ከሆነ ግን ከሰዓታት በኋላ ይዘረራል። ስለዚህ ብቻውን ቤቱ እንዳትልኩት። ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ምንም ምልክት አትጠብቁ። ጥርስ ከወለቀ (የወተት ጥርስ ካልሆነ) ሥሩን ሳትነኩ በነጩ በኩል ይዛችሁ ወተት ውስጥ ጨምሩትና ሩጡ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደረሳችሁ ተመልሶ የመያዝ ዕድል አለው።

የኔ ይኸው ነው። አሁን ተከራከሩ።

ገላጣ_ሜዳ

የማታ ፈረቃ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይሄን የቀረጹትም ቢያነቡት ጥሩ ነበር።

መጽሐፍ_በብብት

«ዘመኑ ነው» አትበሉኝ ስላልክ ከዚያው ልጀምር። ነገሩ የዛሬ አይደለም። ስልክ ካሜራ ባወጣ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 አካባቢ፣ እንግሊዝ አገር ልጆች መንገደኛን በጥፊ እየመቱ ጓደኛቸው ይቀርጽ ነበር። በ2013 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሰውን በአንድ ቡጢ የመዘረር «ጨዋታ» መጣ ተብሎ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ሲያስተጋባው ከረመ። ሰዎች በእርግጥ ተመትተዋል፣ የሞቱም አሉ። ግን ወረርሽኝ ነው ወይስ ድሮም የነበረ ድብደባ አዲስ ስም ወጥቶለት ነው በሚለው ላይ ፖሊሶችና የወንጀል ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ተከራክረውበታል። ነገሩን ለማቃለል አይደለም ይሄን የምለው። ስም ሲወጣለት ልጆቹም ይሰማሉ፣ «ጨዋታ» የተባለውን ነገር ደግሞ ልጫወት የሚል አይጠፋም።

ካሜራውን ነው የሚያየው ላልከው ሳይንሱ አለልህ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነር እና ሎረንስ ስታይንበርግ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 306 ሰዎች ሰብስበው በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አጫወቷቸው። ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ፣ ከ18 እስከ 22 የሆኑ፣ 24ና ከዚያ በላይ የሆኑ። መብራቱ ቢጫ ይሆናል፣ መኪናውን በነዳህ ቁጥር ነጥብ ታገኛለህ፣ ግን ቀይ ሲበራ መንገዱ ላይ ግድግዳ ድቅን ይላል፣ ያኔ ካላቆምክ ነጥብህ ጠፋ። ገሚሶቹ ብቻቸውን ተጫወቱ፣ ገሚሶቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው። ታዳጊዎቹ ሰው ሲያያቸው የሚወስዱት ድፍረት በጣም ጨመረ። ከ24 በላይ ያሉት ግን እኩያ ኖረ አልኖረ ያው ናቸው። ይሄ እንግዲህ ተመልካቹ ሁለት ሰው ሲሆን ነው። ስልኩ ውስጥ ሺህ ተመልካች ያስቀመጠ ልጅን አስብ።

ቁጡ_ነብር

የኮምፒውተር ጨዋታና የሰው መንጋጋ አንድ ሆነ? ሁላችንም 16 ዓመት ሆኖን ያውቃል። ሁላችንም ጓደኛ ነበረን። ሰው አልመታንም።

መጽሐፍ_በብብት

አንድ አይደለም፣ ልክ ነህ። ግን «እኛ አልመታንም» ያልከው ለኔም ይጠቅመኛል። አብዛኛው ጎረምሳ አይመታም። ራንዳል ኮሊንስ የሚባል አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት የጠብ ፎቶና ቪዲዮ እየሰበሰበ ሲያጠና ያገኘው ነገር፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ መማታት በጣም እንደሚከብደው ነው። አብዛኛው ጠብ ስድብና ገፋ ገፋ ሆኖ ይቀራል። የሚመታው ሰው ብዙውን ጊዜ ያንን ፍርሃት የሚያልፍበት አቋራጭ ያገኘ ነው፦ ደካማ ይመርጣል፣ ከኋላ ወይም ሳይታሰብ ይመጣል፣ ወይም የሚያጨበጭብለት ሰው ይዞ ይመጣል። እነዚህ ልጆች ሦስቱንም ነው የሚጠቀሙት።

አሽሟጣጭ

በአጭሩ ፈሪዎች ናቸው ለማለት ይሄን ሁሉ ጻፍክ።

ኳስ_አሰልጣኝ

ፈሪ ማለቱ ልክ ነው፣ ግን ሰውዬውን አይደለም የሚፈሩት። እርስ በርስ ነው የሚፈራሩት።

እኔ ታዳጊዎችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። ስንት ዓይነቱን አይቻለሁ። ከውጭ ለሚያያቸው ሁሉም አንድ መንጋ ይመስላሉ፣ ቀርባችሁ ስታዩዋቸው ግን እያንዳንዱ ቦታ ቦታውን ይዟል። አለቃው አይመታም። መምታት ምን ያደርግለታል? ቦታው የታወቀ ነዋ። የሚመታው ብዙ ጊዜ ወንበሩ የሚነቃነቅበት ልጅ ነው። አዲስ የገባ፣ ወይም ትናንት ሙድ የተያዘበት፣ ወይም አንዴ ሮጦ አመለጠ ተብሎ ሲፎገርበት የሰነበተ። አለቃው «አትችልም» ይለዋል። በቃ። ከዚያ በኋላ ከፊት የሚመጣው ሰው ማንም ይሁን ማን ዕዳው የሱ ነው።

አንዱን ልጅ ነገሩ ካለፈ በኋላ ቁጭ አድርጌ አናገርኩት። ለምን እሱን መረጥከው? አልኩት። አላፈረም፣ አልኮራምም። እንግዳ ጥያቄ እንደጠየቅኩት ነገር አየኝና «እሱ ነዋ የመጣው» አለኝ። ሌላ ሰው ቢመጣ ሌላ ሰው ነበር ማለቱ ነው። ሰውዬው ለሱ ሰው አልነበረም፣ ለጓደኞቹ የሚልክበት ወረቀት ነበር ብል ይቀለኛል።

ስለዚህ እኔ ዓይኔን የምጥለው መቺው ላይ አይደለም። የሚስቁት ላይ ነው። አራት ሆነው አንዱ ፊቱን አኮሳትሮ «ምን ሆነሃል አንተ?» ካለ ነገሩ እዚያው ይከሽፋል። እኔ ቡድኔ ውስጥ የምፈልገው ያንን አንዱን ልጅ ነው፣ ሲገኝም ጎል ካገባው በላይ አመሰግነዋለሁ።

ቁጡ_ነብር

አሰልጣኝ፣ ሥራህን አከብራለሁ። ግን ወንበሩ ተነቃነቀ፣ ሙድ ተያዘበት እያልክ ስታወራ የተመታው ሰው የት ገባ? ሁሌም እንዲህ ነው። ስለመቺው መጽሐፍ ይጻፋል፣ ስለተመቺው አንድ መስመር።

ግራ_ጆሮ

ቁጡ ነብር፣ እኔ ልግባልህ። የተመታሁት ነኝ። የቪዲዮው ሰው አይደለሁም፣ የኔ ቀደም ያለ ነው።

ቡጢ አልነበረም፣ በተዘረጋ መዳፍ ጆሮዬን ነው ያሉኝ። የጆሮ ታምቡር በጥፊ እንደሚቀደድ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። አየሩ ወደ ውስጥ ታምቆ ይበሳዋል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል ይባላል፣ የኔም ቀዳዳው ገጥሟል፣ ፉጨቱ ግን ቀረ። አሁን ይሄን ስጽፍም ያፏጫል።

ጆሮውን ግን ተውት። የሚያሳብደው ምክንያት ማጣቱ ነው። ሌባ ቢመታኝ ለቦርሳው ነው እላለሁ። እዚህ ግን የሚላከክበት ነገር የለም፣ ስለዚህ ወደ ራሴ ዞርኩ። አካሄዴ ነው? ልብሴ ነው? ዓይን ለዓይን አይቻቸው ይሆን? ደሞ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ? «ምን ብለሃቸው ነው?» ምንም አላልኩም! እናቴ እንኳ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ከጥፊው ባይብስም አይተናነስም።

እስካሁን ከኋላዬ ሰው ሲሮጥ ከሰማሁ ግድግዳ ተጠግቼ ዞሬ እቆማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ ሊያመልጠው የሚሮጥ ሰው ነው። እሱም ደንግጦ ያየኛል።

አሰልጣኙ «እሱ ነዋ የመጣው» ያለውን ሳነብ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። እኔ አልነበርኩም ማለት ነው። የመጣሁት ሆኜ ተገኘሁ እንጂ።

የማታ_ፈረቃ

ግራ ጆሮ፣ ፉጨቱ ካልለቀቀህ የጆሮ ሐኪም ደግሞ ይይህ። ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ እንኳ እንቅልፍ እንዳይነሳህ የሚረዱ ነገሮች አሉ። ሰው ሲሮጥ መደንገጡን ደግሞ «ያልፋል» ብለህ አትተወው። ስትደነግጥ ልብህ የሚመታ ከሆነ፣ ያንን መንገድ መሄድ ካቆምክ፣ ሕልሙ ከመጣብህ፣ እሱም ሕክምና አለው።

አሽሟጣጭ

ስትመታ ስንት ሰው ቆሞ ያይ ነበር? እንደኔ ግምት ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቀራጭ ሆኗል።

ግራ_ጆሮ

ተሳስተሃል። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዬን አንስታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሌላ ሰውዬ ደግሞ እስኪርቁ ድረስ በነሱና በኔ መካከል ቆመ። የቀሩት ግን አዎ፣ አለፉ።

መጽሐፍ_በብብት

አሽሟጣጭ፣ «ሰው ቆሞ ያያል» የሚለው ወሬ በብዛት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ከተፈጸመ ግድያ ነው። 38 ሰው እያየ ዝም አለ ተብሎ ተጻፈ፣ ቁጥሩ የተጋነነ እንደነበር በኋላ ታወቀ፣ ወሬው ግን እስካሁን ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ከአምስተርዳም፣ ከኬፕ ታውንና ከእንግሊዟ ላንካስተር የደኅንነት ካሜራዎች 219 የአደባባይ ጠቦችን አየ። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቷል። ሰው በበዛ ቁጥርም የሚገባ ሰው የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። የግራ ጆሮ ሁለት ሰዎች ብርቅ አይደሉም ለማለት ነው።

ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ እነዚህ ልጆች ያንን ያውቁታል። ለዚህ ነው አንድ ምት መትተው የሚሮጡት። ሰው ለመግባት ጊዜ ያስፈልገዋላ።

የማታ_ፈረቃ

ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ መቺውን አትያዙት፣ አትከተሉት። ወደ ወደቀው ሂዱ። አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ፣ ሳታነሱት፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ አናግሩት፣ ካልተነፈሰ ግን ደረቱን መጫን ጀምሩ። ጀግና መሆን የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ በሽተኛ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ።

ቁጡ_ነብር

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ቅጣቱስ?

ሕግ_ቀመስ

ጠበቃ ነኝ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ቅጣት አያስፈልግም የሚል ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው የትኛው ቅጣት ይሠራል ነው።

ልጅን በአዋቂ ፍርድ ቤት ማቆም አሜሪካኖች በሰፊው ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያሳተመው የባለሙያዎች ግምገማ፣ ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት የተላለፉት ልጆች በወጣት ፍርድ ቤት ከቀሩት ይልቅ በኋላ የባሰ ኃይል የተሞላበት ወንጀል ይሠራሉ ብሎ ነው የደመደመው። ማስፈራራቱም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ መጀመሪያ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ታዳጊዎችን እስር ቤት ወስዶ ዕድሜ ልክ ታሳሪ እንዲጮህባቸው የሚያደርግ ፕሮግራም ነበር። ለቴሌቪዥን ይመች ነበር። የሄዱት ካልሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ ግን የባሱት የሄዱት ናቸው። ብዙም አይገርመኝም። ከእስር ቤቱ ሲወጣ «እኔ አልፈራሁም» ብሎ የሚተርክበት አዲስ መድረክ ነው ያገኘው።

ልጅን የሚያቆመው የቅጣቱ ርዝመት ሳይሆን መያዙ እርግጥ መሆኑና ቶሎ መሆኑ ነው። ለ16 ዓመት ልጅ አሥር ዓመትና ሦስት ዓመት ያው «ብዙ» ነው። ነገ ጠዋት ቤቱ እንደሚመጡ ካወቀ ግን ያስባል።

አንድ ሕግ ግን ልጥቀስልህ፣ ገላጣ ሜዳ ከተናገረው ጋር ስለሚሄድ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለ ጥቃት እያወቀ የሚቀርጽ ሰው የጥቃቱ ተባባሪ ተደርጎ ይቆጠራል። ያሰራጨው ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ለጋዜጠኛ ሥራና ለፍርድ ቤት ማስረጃ የቀረጸ ግን አይነካም። የሌሎች አገሮች ሕግ ይለያያል፣ ግን «እኔ ስልክ ነው የያዝኩት» ማለት መከላከያ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ልጅ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬ ንገሩት።

ቁጡ_ነብር

ይሄኛውን ወደድኩት። ቀራጩ ይከሰስ።

አውስትራሊያስ? እዚያ ጠንከር አላሉም እንዴ?

ሕግ_ቀመስ

ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚባለውን ግዛት ማለትህ ነው። እዚያ ሲድኒ ከተማ ውስጥ ሁለት የ18 ዓመት ወጣቶች፣ አንደኛው በ2012፣ ሌላኛው በ2013 የመጨረሻ ሌሊት ተመትተው ሞቱ፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ በጥር 2014 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ሕግ ወጣ። ሰክሮ በአንድ ምት የገደለ አዋቂ ቢያንስ ስምንት ዓመት። ግን በዚያው ሰሞን በሲድኒ መሃል ያሉ የምሽት መጠጥ ቤቶች ከሌሊቱ 7፡30 በኋላ አዲስ ሰው እንዳያስገቡ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ መጠጥ እንዳይሸጡ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ድብደባው በግልጽ ቀነሰ። ጥናቶቹ ለቅነሳው የሚያነሱት ይሄኛውን ገደብ ነው፣ ሰዓቱንና መጠጡን።

መጽሐፍ_በብብት

ከቅጣቱ ጎን ደግሞ ሌላ አለ። ቺካጎ ውስጥ ቢካሚንግ ኤ ማን የሚባል ለወንድ ልጆች የተዘጋጀ የትምህርት ቤት ፕሮግራም አለ። በዕጣ የተመረጡ ልጆች ካልተመረጡት ጋር እየተነጻጸሩ ተጠንቷል። ልጆቹ ፕሮግራሙ ላይ እያሉ በኃይል ወንጀል መያዛቸው ከ45 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ካበቃ በኋላ ግን ውጤቱ ብዙ አልቆየም፣ ይሄንንም መናገር አለብኝ።

ኳስ_አሰልጣኝ

የነሱን አንድ መልመጃ እኔም ሰርቄ እሠራበታለሁ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ለአንዱ ትንሽ ኳስ እሰጠዋለሁ። ጨብጦ ይይዛል። ለሌላው «በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ኳሷን ከእጁ አምጣ» እለዋለሁ። ከዚያ የሚሆነውን ብታዩ! ጣት መፈልቀቅ፣ ክንድ መጠምዘዝ፣ መሬት ላይ መንከባለል፣ አንዱ አንድ ጊዜ ሊነክስ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ «ማን ነው ኳሷን ስጠኝ ብሎ የጠየቀው?» እላለሁ። ዝም። አንዱ «ብጠይቀው አይሰጠኝም» ይላል። ኳሷን የያዘውን እጠይቀዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ «እሰጠው ነበር፣ ኳስ ነች እኮ» ይላል።

ይሄ ዱርዬን መልአክ ያደርጋል አላልኩም። ግን እጁ ከጭንቅላቱ ቀድሞ እንደሚሄድ ራሱ ያየዋል። ስብከት ከሰማ በዚያው ቀን ይረሳዋል፣ ይሄን ግን ከወራት በኋላ እየሳቁ ያነሱታል።

እናት_ነኝ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር የቆየሁት። ስሜን አልናገርም።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ገላጣ ሜዳ እንዳወራኸው ያለ ቪዲዮ ስልኩ ላይ አገኘሁ። ሌላ ነገር ፈልጌ ነበር የከፈትኩት። ልጄ ቪዲዮው ላይ የለም። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ሳቁን ሰማሁት። የቀረጸው እሱ ነው። ያንን ሳቅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ልጄ ባለጌ አይደለም ብል አታምኑኝም፣ ስለዚህ አልልም። ሰውዬው ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ሲነሳ አላየሁም፣ ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቆማል። ላጥፋው? ፖሊስ ጋ ልሂድ? አባቱ ገና አልሰማም፣ ቢሰማ አንድ ነገር ያደርገዋል ብዬ እሰጋለሁ። እባካችሁ አትስደቡኝ።

ቁጡ_ነብር

እናቴ፣ ማንም አይሰድብዎትም። እዚህ መጥተው መጻፍዎ ቀላል አይደለም። ለእርስዎ አዝናለሁ። ለልጅዎ ግን እውነቱን ለመናገር አላዝንም፣ ሰውዬው ምን እንደሆነ እስክናውቅ። ይውሰዱት።

ሕግ_ቀመስ

እናቴ፣ በመጀመሪያ አያጥፉት። ማስረጃ ማጥፋት በብዙ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ያኔ ጉዳዩ የልጅዎ ብቻ መሆኑ ይቀርና እርስዎም ይገቡበታል። ለማንም አይላኩት፣ ለዘመድም ቢሆን። ስልኩን ከልጅዎ ተቀብለው ያስቀምጡት፣ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ስለጉዳዩ በጽሑፍ አንዲት ቃል አይለዋወጥ። ቀጥሎ ለልጅ ጉዳይ የሚቆም ጠበቃ ይፈልጉ፣ አቅም ካነሰዎ በነጻ የሚቆሙ አሉ። ፖሊስ ጋ የምትሄዱት ከጠበቃው ጋር ይሁን። ራሱ የቀረበና ተይዞ የቀረበ ልጅ በዳኛ ፊት አንድ አይደሉም።

ኳስ_አሰልጣኝ

አባቱን በተመለከተ እኔ ልበል። ልጁ በሌለበት ይንገሩት፣ ቢቻል የሚያከብረው ሰው አጠገቡ እያለ። ዱላ ካነሳ ልጁ ጥፋቱን ረስቶ የአባቱን በደል ነው የሚቆጥረው፣ አይቻለሁ። ደግሞ ዛሬውኑ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ቪዲዮውን አብራችሁ እዩት፣ ድምፁን ሳትዘጉ። ምንም አይናገሩት። ሲያልቅ «ከዚያስ? ተነሳ?» ብለው ብቻ ይጠይቁት።

ግራ_ጆሮ

እናቴ፣ ከኔ ወገን ሆነው አንድ ነገር ያስቡልኝ። እኔ ስመታ ቪዲዮ አልነበረም። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ «እርግጠኛ ነህ አልወደቅክም?» ተባልኩ። ሐኪሙም እንደዚያው። ማንም አላመነኝም ባልልም ሁሉም ትንሽ ተጠራጥሮኛል። ያ ሰውዬ አሁን የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ «ምን ብለሃቸው ነው?» እየተባለ ይሆናል። ምንም እንዳላለ የሚያሳየው እርስዎ እጅ ላይ ያለው ስልክ ነው።

እናት_ነኝ

ልቤን ነካኸው የኔ ልጅ። ይቅርታ ይጠይቀው? ሰውዬውን ፈልጌ እግሩ ላይ ልውደቅ?

ግራ_ጆሮ

አይ። እኔን ከሆነ የጠየቁኝ፣ ሳላስበው በሬ ላይ ቢመጡብኝ ከሁለተኛው ጥፊ አልለየውም ነበር። ሰውዬው ራሱ ከፈለገ ነው። ከፈለገ ግን፣ አዎ፣ እኔ ብሆን መስማት እፈልግ ነበር፣ በተለይ ከሳቁት።

ሕግ_ቀመስ

ልክ ነው፣ በራስዎ አይሂዱ፣ ምስክር ማባበል መስሎ ሊታይም ይችላል። ሥርዓት ያለው መንገድ አለ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የታዳጊ ወንጀል ሲሆን ልጁ፣ ቤተሰቡ፣ ፖሊስና ከፈለገ ተበዳዩ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ምን እንደሚደረግ የሚነጋገሩበት ስብሰባ በሕግ አላት። ሌሎች ብዙ አገሮችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ተበዳዩ ካልፈለገ አይገደድም። እርስዎ ያሉበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠበቃውን ይጠይቁት።

እናት_ነኝ

ለነገ ጠዋት ጠበቃ ቀጥሬያለሁ። ስልኩ እኔ ጋ ነው። አሰልጣኙ እንዳለው አብረን አየነው። «ተነሳ?» ስለው «አላውቅም፣ ሮጥን» አለኝ። ከዚያ በኋላ እራቱንም አልበላ፣ ክፍሉም አልገባ፣ ሳሎን ቁጭ ብሏል።

ቁጡ_ነብር

የሌሎቹንስ ስም ተናገረ? የመታውስ ማን ነው?

ሕግ_ቀመስ

እናቴ፣ ይሄኛውን አይመልሱለት። ስም ካለ ነገ ለጠበቃው ይናገር። እዚህ ማንም ስም አይጻፍ፣ ከተጻፈም አስተዳዳሪዎቹ እንዲያነሱት አመለክታለሁ።

ቁጡ_ነብር

እሺ፣ ገባኝ። ነገ ሰውዬው ምን እንደሆነ ከሰሙ ግን ይንገሩን።